ስለ ንግድ ትውውቅና ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ያለኝ አስተያየት

በቤታችን ውስጥ ሁለት ነገሮች ለብዙ ጊዜ ሲያከራክሩን ቆይተዋል። አባቴ «ይህ ልጅ ቅዳሜውን በጌም ቤት ፈጀው» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ በአፌ ባልደፍርም በልቤ «እርስዎስ እሑድዎን በእቍብ ወሬ ይፈጁት የለምን?» እል ነበር። ስለ ሁለቱ የማስበውን በመጽሔታችን ላይ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ባለፈው ሐምሌ ወር ሁለቱም በእኔ ጥፋት ተገናኝተው ቤታችንን ስላስጨነቁት ነው። ጥፋቴን ኋላ እናገራለሁ፤ አስቀድሜ ግን ነገሩን ላስረዳ።

አባቴ በመርካቶ የልብስ ስፌት ዕቃ ነጋዴ ናቸው። ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍና ገበር ይሸጣሉ። ሱቃቸው ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቀርበት ዓይነት ነው። ዛሬ በየሆቴሉ አዳራሽ ስብሰባ እየተደረገ የስም ካርድ የሚታደልበትና «ቢዝነስ ኔትወርኪንግ» የሚባለው ነገር፣ በእኛ ቋንቋ የንግድ ትውውቅ ቢባል የሚበቃው ይመስለኛል። ይኸውም ነጋዴ ዕቃ የሚያስገኝለትን፣ ዱቤ የሚሰጠውንና የገበያ ወሬ የሚነግረውን ሰው አስቀድሞ ማወቁ ነው። አባቴ የስም ካርድ የላቸውም፤ ያላቸው እቍብ ነው።

እቍብ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ወላጅ የለም። እኛ ተማሪዎች ግን አሠራሩን በሚገባ የምናውቅ አይመስለኝም፤ እኔም አላውቅም ነበር። አባላቱ በየሳምንቱ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የደረሰው የሁሉንም መዋጮ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ዳኛና ጸሐፊም አለው። ለምሳሌ አባላቱ 40 ቢሆኑና እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ቢያዋጡ፣ ባለ ዕጣው 40,000 ብር ይዞ ይሄዳል፤ ዙሩም 40 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚህ ድረስ ተራ ሒሳብ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው ከራሱ ኪስ 1,000 ብር ብቻ አውጥቶ 39,000 ብር የሰው ገንዘብ ይዟል። የቀረውን 39 ሳምንት አልከፍልም ቢልስ? ስለዚህ ዋስ ይጠየቃል፤ ዋስ የሚሆነውም የሚያውቀው ሰው ነው። ገንዘቡን ከወሰደ በኋላም ጠባዩ እንዴት እንደሚሆን በየሳምንቱ ሁሉም ያየዋል። ሁለትና ሦስት ዙር ሳያጓድል የከፈለ ሰው ቸግሮት «ዕጣውን ለእኔ ልቀቁልኝ» ቢል፣ የሚሰማው አያጣም። አባቴ እሑድ እሑድ የሚሄዱት ቡና ለመጠጣት ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው።

ስለ ትውውቅ ካነበብሁት ውስጥ አንድ ነገር አስገርሞኛል። ማርክ ግራኖቬተር የተባሉ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በቦስተን ከተማ አጠገብ ሥራ የለወጡ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። በሰው ወሬ ሥራ ካገኙት መካከል፣ ወሬውን ዘወትር ከሚገናኙት ወዳጅ የሰሙት ከመቶ 17 ያህል ብቻ ሆኑ። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንድ ጊዜ ከሚያገኙት ሰው ነበር የሰሙት። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛዬ የሚያውቀውን እኔም አውቀዋለሁ፤ የምንውለው አንድ ቦታ ነውና። አዲስ ወሬ የሚመጣው ሌላ ቦታ ከሚውለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው ልለፍ። የቪዲዮ ጨዋታ የዛሬ ፈጠራ የሚመስላችሁ ብትኖሩ ተሳስታችኋል። በ1958 ዓ.ም. ዊልያም ሂጊንቦተም የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በብሩክሄቨን የምርምር ጣቢያ ጎብኚ እንዳይሰለች ብለው፣ በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ መስታወት ላይ የቴኒስ ጨዋታ ሠሩ። እኒህ ሰው ቀደም ሲል ለአቶሚክ ቦምብ ሥራ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ካዘጋጁት አንዱ ነበሩ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ አታሪ የተባለው ኩባንያ ፖንግ የተባለውን ጨዋታ በካሊፎርኒያ በአንድ መጠጥ ቤት አቆመ። ፖንግ ብቻውን የመጣ ሰው የሚጫወተው አልነበረም፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ብቻውን የመጣ ሰው አጠገቡ የቆመውን እንግዳ መጋበዝ ግድ ይሆንበት ነበር።

የሰፈራችንም ጌም ቤት እንደዚሁ ነው። በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ሌላ ምንም የለም። የሚዘወተረው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው፤ ሕጉም «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚል ነው። እዚያ የሚመጣው የሰፈር ልጅ ብቻ አይደለም። ስሙን ሳላውቅ፣ በግራ እግር መምታት እንደሚወድና ሲቆጠርበት ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ እንደሚያኖር ብቻ የማውቀው ልጅ ነበር። የመጣው ከሌላ ሰፈር ነው።

በሐምሌ ወር አባቴ የእቍቡን ዕጣ ቀደም ብለው ለመውሰድ አስበው ነበር። በነሐሴ ልብስ ሰፊው ሁሉ የተማሪ ልብስ ስለሚሰፋ ዚፕና ክር የሚሸጠው ያን ጊዜ ነው፤ የዓመቱ ትርፍ፣ የእኔና የእኅቶቼም የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ አባቴ ወደ ክፍለ ሀገር ለለቅሶ ስለ ሄዱ የሳምንቱን መዋጮ በፖስታ አድርገው «ለጸሐፊው ሳይመሽ አድርስ» ብለው ሰጡኝ። መንገዴ በጌም ቤቱ በኩል ነበር። ከዚያ ባለ ግራ እግር ልጅ ጋር አንድ ጨዋታ ብቻ ልጫወት ብዬ ገባሁ፤ ተሸነፍሁ። የራሴ ገንዘብ አለቀ። ቀጥሎ የሆነውን ትገምቱታላችሁ፤ ፖስታውን ከፈትሁት። እያንዳንዱን ጨዋታ አሁን አሸንፌ እተካዋለሁ እያልሁ ስጫወት መሸ፤ የመጨረሻውንም ሳልከፍል ሹልክ ብዬ ወጣሁ። በጎደለ ፖስታ ወደ ጸሐፊው ለመሄድ አፍሬ ቤቴ ገባሁ፤ ለእናቴም አልነገርሁ።

እሑድ የአባቴ ስም ሲጠራ የሚከፍል ጠፋ። ለብዙ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። አባቴ ሰኞ ተመልሰው መዋጮውን ከነመቀጮው ከፈሉ፤ ነገር ግን አንድ ሰው «ጊዜው ከብዷቸው ይሆናል» ብሎ ኖሯል። ለነጋዴ ከዚህ የከፋ ወሬ የለም። ዕጣው ለሌላ ተለቀቀ። በእቍቡ ውስጥ ያለ አከፋፋይም ወትሮ በዱቤ የሚሰጠውን ዕቃ በዚያ ወር «በእጅ ቢሆን ይሻላል» አለ። አባቴ አልመቱኝም። «አንተ ልጅ፣ የወሰድኸው ብር ትንሽ ነው፤ ብሩን አይደለም የማዝነው» ብለው ዝም አሉ። ዝምታው ሦስት ቀን ቆየ።

በሳምንቱ ያልከፈልሁትን የመጨረሻ ጨዋታ ሒሳብ ለመክፈል ወደ ጌም ቤቱ ሄድሁ። ባለቤቱ ረስቶት ነበር። ባለ ግራ እግሩ ልጅ ግን ተቀምጦ ነበርና ፊቴን አይቶ ምን እንደ ሆንሁ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። አክስቱ የልብስ ስፌት ቤታቸውን ዘግተው ብዙ ካርቶን ዚፕና ክር በቤታቸው እንዳለ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አባቴ ሄደው ዋጋውን ግማሹን ከፍለው ግማሹን ለመስከረም ቀጠሩ። ሴትዮዋ «እምነት የሚጣልባቸው ሰዎች ናቸው ወይ?» ብለው የወንድማቸውን ልጅ ሲጠይቁት፣ «ልጁ ማንም ሳይጠይቀው የተሸነፈበትን ሊከፍል ተመልሶ መጥቷል» አላቸው አሉ። አባቴ እስከ ዛሬ ይህን ዕድል ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። የስም ካርድ ሰውየው ምን እንደሚሸጥ ይናገራል። እቍብና ጌም ቤት ግን ሰው ገንዘብ ሲወስድና ሲሸነፍ ምን እንደሚሆን ያሳያሉ፤ ሰው ለማበደር የሚፈልገው ወሬ ደግሞ ይኸው ነው። እኔንም በሁለቱም በኩል አይተውኛል።

ይህን ማለቴ ጨዋታ ጉዳት የለውም ለማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. ከመጠን ያለፈ ጨዋታን ከሕመም ዓይነቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ሕመም የሚባለው ግን ሰው ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታውን ከሌላው ሥራው ሁሉ ሲያስቀድም፣ እየጎዳውም ሲቀጥል፣ ይህም እንደ ደንቡ 12 ወር ያህል ሲቆይ ነው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት መጫወት ይህ አይደለም። በእኔ አስተያየት የጌም ቤታችን ክፉ ነገር «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለው ሕግ ነው፤ ጨዋታውን ቁማር ያስመስለዋል። አሁን ከልጁ ጋር ስንጫወት ሒሳቡን እኩል እንከፍላለን።

አባቴ ከመስከረም ወዲህ የእቍቡን መዋጮ እንደገና በእኔ እጅ ይልካሉ። ጸሐፊው ከሌላው ሰው ሲቀበሉ አንድ ጊዜ ይቈጥራሉ፤ ከእኔ ሲቀበሉ ግን ሁለት ጊዜ ቈጥረው ነው በመዝገቡ የሚጽፉት።