ራስን መሸፈን በአይሁድ ልማድ

የሚከተለው ምንባብ የገላጭ ድርሰት ምሳሌ ነው። በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ በመጨረሻ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

አክብሮት በየሕዝቡ ዘንድ የሚገለጥበት መንገድ ይለያያል። በአገራችን ክርስቲያን ወንድ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወይም ታላቅ ሰው ሲያጋጥመው ባርኔጣውን ያወልቃል። አይሁዳዊ ወንድ ግን ምኩራብ ሲገባ ራሱን ይሸፍናል። ድርጊቱ ተቃራኒ ቢሆንም የሁለቱም አሳብ አክብሮት ነው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 ለሊቀ ካህናቱ መጠምጠሚያ፣ ለሌሎቹ ካህናት ቆብ እንዲሠራ ታዟል። ትእዛዙ ግን ለካህናቱ እንጂ ለሕዝቡ ሁሉ አልነበረም። ከብዙ ዘመን በኋላ የራቭ ኢያሱ ልጅ ራቭ ሁና የተባለ ሊቅ ራሱን ሳይሸፍን አራት ክንድ ያህል እንኳ እንደማይራመድ በባቢሎን ታልሙድ ተጽፏል። ምክንያቱም ፈጣሪ ከራሱ በላይ መሆኑን ዘወትር ያስብ ስለ ነበር ነው። የሊቃውንቱ ትሕትና ቀስ በቀስ የብዙዎች ልማድ ሆነ። በ16ኛው መቶ ዓመትም ዮሴፍ ካሮ ባዘጋጀው «ሹልሐን ዓሩክ» በተባለው የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

ወንዶች የሚደፉት ትንሽ ክብ ቆብ በዕብራይስጥ «ኪፓ»፣ በዪዲሽ ቋንቋ «ያርሙልኬ» ይባላል። ሃይማኖት አጥባቂዎች ቀኑን ሙሉ አይለዩትም፤ ሌሎች ግን ለጸሎት ወይም ለቀብር ጊዜ ብቻ ያደርጉታል። ዐይነቱም የባለቤቱን ወገን ያመለክታል። በእስራኤል በክር የተሠራው ኪፓ ብዙውን ጊዜ የሃይማኖተኛ ጽዮናውያን፣ ጥቁሩ ደግሞ የሐሬዲዎች መለያ ነው። ከሐሲዳውያን ብዙዎቹ ካገቡ በኋላ በሰንበትና በበዓል «ሽትራይመል» የተባለውን ከአውሬ ጠጕር የተሠራ ባርኔጣ ይደፋሉ። የቤተ እስራኤል ቀሳውስት ግን በነጭ ጥምጥማቸው ይታወቃሉ።

በአጥባቂዎቹ ዘንድ ጠጕሯን የምትሸፍነው ያገባች ሴት ስትሆን፣ ልጃገረዶች በአብዛኛው አይሸፍኑም። መሸፈኛውም ሻሽ፣ ባርኔጣ ወይም ሰው ሠራሽ ጠጕር ሊሆን ይችላል። ለዘብተኛ በሆኑት ማኅበረ ምእመናን ደግሞ እንደ ወንዶቹ ኪፓ የሚያደርጉ ሴቶች አሉ።

ይህች ትንሽ ቆብ ከባድ ክርክር ያስነሣችበት ጊዜም ነበር። በአሜሪካ አየር ኃይል ሻምበልና የሥነ ልቡና ባለሙያ የነበረው ሲምሐ ጎልድማን በሥራ ላይ ኪፓ እንዳያደርግ ስለ ተከለከለ ክስ አቀረበ። አየር ኃይሉ የደንብ ልብስ ለሁሉም አንድ ዐይነት መሆን አለበት ሲል ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1986 በ5 ድምፅ በ4 ላይ በጎልድማን ፈረደበት። ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት ወታደሮች ሥራቸውን የማያውክ፣ ጨዋነት ያለው የሃይማኖት ልብስ እንዲለብሱ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ የአንድን ልማድ ክብደት የምንለካው በጨርቁ ስፋት ሳይሆን ለባለቤቱ በሚሰጠው ትርጕም ነው።

ጥያቄዎች

1. በዘጸአት ምዕራፍ 28 የተሰጠው ትእዛዝ ከኋለኛው ልማድ በምን ይለያል?
2. በምንባቡ ውስጥ «ወገን» እና «መለያ» የሚሉት ቃላት ምን ማለት ናቸው? በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
3. የአየር ኃይሉንና የጎልድማንን አቋም አነጻጽሩ። እናንተ ዳኛ ብትሆኑ እንዴት ትፈርዱ ነበር? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።