የሞተር ቢስክሌት ንጽሕና

ንጽሕና ለሰው ጤና እንደሚያስፈልግ ሁሉ ለሞተር ቢስክሌትም ያስፈልጋል። ጧት ማታ ወደ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ቢስክሌት በበጋ አቧራ፥ በክረምት ጭቃ ይለብሳል። ብዙ ወጣቶች ማጠብ ለእሑድ ሽርሽር ውበት ብቻ የሚያስፈልግ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ክንፎቹ በጭቃ ከተደፈኑ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ አሸዋ የያዘ ካቴናም እንደ ሞረድ ራሱንና የሚዞርበትን ጥርስ ይበላል።

ስለዚህ በየሳምንቱ ማጠብ ይገባል፤ አሠራሩም የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ይጎዳዋልና። ጭቃው በውሃ ይረስርስ እንጂ ደረቁን አይፈተግ፤ ቀለሙን ይጭረዋል። ከዚያ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ይታጠብ። ኃይለኛ ውሃ በኩሽኔታና በማርሚታው አፍ ላይ አይለቀቅ። ካቴናው በነጭ ጋዝና በብሩሽ ይጸዳል፤ ከደረቀ በኋላ በስሱ ዘይት ይቀባል። ይህ ሲሠራ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ የሚዞር ካቴና ጣት ይቆርጣል። ፍሬኑን ዘይት ፈጽሞ አይንካው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ምርመራው ነው። የሚያጥብ እጅ የላላውን ብሎን፥ የተሰነጠቀውን ጎማ፥ የሚያንጠባጥበውን ዘይት ያገኛል። ጭቃ የሸፈነውን ጉድ ቁልቁለት ላይ ከማወቅ በደጅ ማወቅ ይሻላል። ከታጠበ በኋላም ፍሬኑ እርጥብ ስለሚሆን በዝግታ እየነዱ መሞከር ይገባል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ምክር ለባለሞተርም ይሠራል።