ጊሌው የአያት ነው ወይስ የትናንት?

ባቲ ሰኞ ገበያ የወረዳችሁ ጊሌን ታውቁታላችሁ። ለሌሎቻችሁ፦ አፋሮች ወገባቸው ላይ ከፊት የሚታጠቁት፣ በሁለት በኩል ስለት ያለው ቆልማማ ጩቤ ነው። ሾተል ነው የምትሉ አላችሁ፤ አይደለም። ሾተል ማጭድ የመሰለ ረጅም ሰይፍ ነው፣ የጊሌ ስለት ግን 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው።

ከከሚሴም ከባቲም ኢንቦክስ ፎቶ እየላካችሁ «ይሄ አንቲክ ነው?» ትሉናላችሁ። ሰንጢ ቢሆን ይቀለን ነበር፤ የፋብሪካ ሰንጢ ብዙ ጊዜ ስለቱ ሥር ስም ወይም ቁጥር ስላለው ሞዴሉን ከዚያ መፈለግ ይቻላል። ጊሌን ግን አንጥረኛ በእጁ ነው የሚሠራው፣ የሞዴል ቁጥር የለውም።

ስለዚህ ብዙ ሰው ዝገት አይቶ ይገዛል። ዝገት እኮ ጨውና ውሃ ካገኘ በሳምንትም ይመጣል!

እኛ መጀመሪያ የምናየው ሰገባውን ነው። ሰገባ የሚሰፋው በዚያው ስለት ጉብጠት ልክ ነው። ስለቱ መሀል ላይ ከያዘ ወይም ውስጡ ከተንቀዋለለ አንዳቸው ተቀይረዋል ማለት ነው። (ይሄ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ የተሰበረ ስለት ይቀየራል።) ቀጥሎ እጀታውን እዩ። ለዓመታት የተያዘ እጀታ መዳፍና ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ይልሳል። ሆን ተብሎ «ያረጀ» ግን ሁሉም ጋ እኩል ያረጀ ነው።

ነጭ ብረት ካለው ሁሉም ብር አይደለም። ብር ሲቆይ ይጠቁራል፤ አልሙኒየም ቀላል ነው፣ እንደዚያ አይጠቁርም። ማሪያ ቴሬዛ ተለጥፎበት «1780 ይላል» ቢሏችሁም አትደንግጡ፤ ያ ሳንቲም መቼም ይመታ መቼ 1780 ነው የሚጻፍበት።

ስለቱ ላይ የስልካችሁን መብራት ከጎን አብሩና በቅርብ ፎቶ አንሱ። ደቃቅና ትይዩ መስመሮች ከታዩ ግራይንደር ነክቶታል። የብሎን ቀዳዳ ምልክት ካለው ደግሞ የመኪና ባሌስትራ ሳይሆን አይቀርም፤ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን መኪና ያየችው በምኒልክ ዘመን መጨረሻ ስለሆነ «የ200 ዓመት ነው» የሚላችሁን ሰው በትህትና ተሰናበቱት።

የእውነት የአያት ከሆነ አታስስሉት፣ በአሸዋ ወረቀትም አትፈግፍጉት፤ ዕድሜውን የሚናገረው ገጽታ አብሮ ይሄዳል። ውጭ አገር ላለ ገዢ ለመላክ ያሰባችሁም ቆም በሉ፤ በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ደግሞ ማን እንዳሠራው፣ ከማን እንደተገዛ አያታችሁን ዛሬውኑ ጠይቁና በስልካችሁ ቅዱት። ይሄን ከብረቱ ላይ ማንም አያነብላችሁም።