በባሕር ዳር ስለሚሠራ ግንብ ጩኸትና በአጠገቡ ስለሚኖሩ ሰዎች ዕረፍት

በባሕር ዳር ከተማ ሠርተው የሚኖሩ ሕዝቦች ከባሕሩ ብዙ ጥቅም ያገኛሉ፤ ነገር ግን ማዕበሉ በየጊዜው ምድራቸውን እየቈረሰ ይወስድባቸዋል። ስለዚህ ውኃውን የሚመልስ ግንብ ይሠራሉ፥ የብረት ምሰሶ ከባሕሩ ወለል ውስጥ ይተክላሉ፥ ትልልቅ ቋጥኝም በዳርቻው ይደረድራሉ። ይህ ሥራ ያለ ጩኸት አይሠራም። ግንቡ የሚሠራው በአጠገቡ ያሉትን ቤቶች ለማዳን ሲሆን፥ በሚሠራበት ጊዜ የሚታወኩትም እነዚያው ቤቶች ናቸው። እንግዲህ ቤታቸው እንዲድንላቸው የሚመኙ ሰዎች እንቅልፋቸውን እንዳያጡ ምን ሊደረግ እንደሚገባ መመርመር ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ አገር በዴቨን አውራጃ ያለችው የዶውሊሽ ከተማ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ናት። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በዚያች ከተማ የሚያልፈው የምድር ባቡር በ1846 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፥ ሐዲዱ በባሕሩና በመኖሪያ ቤቶቹ መካከል ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 5 ቀን አጥቢያ ብርቱ ማዕበል ተነሥቶ ከግንቡ 80 ሜትር ያህል አፈረሰ። ሐዲዱም ከሥሩ ያለው አፈር ስለ ተወሰደበት በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በአጠገቡ የነበሩት ሰዎችም ቤታቸውን ትተው ወጡ። ሠራተኞቹ ቀንና ሌሊት ደክመው ባቡሩ ከሁለት ወር በኋላ አፕሪል 4 ቀን መሄድ ጀመረ። ከዚህም በኋላ ከፊተኛው የሚበልጥ ግንብ እንዲሠራ ተቈርጦ፥ ሥራው በ2019 ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ክፍል በ2020፥ ሁለተኛው ክፍል በ2023 ዓ.ም. ተፈጸመ። በባሕሩ ፊት ለፊት የሚኖሩት ሰዎች እንግዲህ ብዙ ወራት ከመኪና ድምፅ ጋራ አብረው ኖረዋል ማለት ነው።

ሌላ የከተማ ግንባታ ጧት ተጀምሮ ማታ ሊቆም ይችላል። በባሕር ዳር ግን የሥራውን ሰዓት ባሕሩ ራሱ ይወስነዋል። ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በብዙ አገር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሁለተኛው ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለ ሆነ፥ ውኃው የሚጐድልበት ጊዜ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ዛሬ በእኩለ ቀን የጐደለው ባሕር ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ሞልቶ ይገኛል። የግንቡም መሠረት የሚገለጠው ውኃው ሲጐድል ብቻ ስለ ሆነ፥ ሠራተኛው ባሕሩ በፈቀደለት ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም በውድቅት ሌሊት፥ ለመነሣት ይገደዳል። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሰው ሁሉ ተኝቶ ነው።

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ሲሆን በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደጋ የሚኖር ሰው እንደሚያውቀው ጸጥ ባለና በቀዘቀዘ ሌሊት ከማዶ ያለ ሰው ሲነጋገር በቅርብ እንዳለ ሆኖ ይሰማል። ይህም የሚሆነው በምድር አጠገብ ያለው አየር ቀዝቅዞ ከላይ ያለው ሲሞቅ ድምፁ ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ወደ ምድር ስለሚታጠፍ ነው። በቀዝቃዛ ባሕር ላይም እንደዚሁ ይሆናል። ከዚህም በላይ የረጋ ውኃ እንደ ሣርና እንደ ለስላሳ አፈር ድምፅን አይመጥም፤ እንደ መስተዋት ይመልሰዋል እንጂ።

የድምፅ መለኪያ ዴሲቤል ይባላል። ሰዎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ 60 ዴሲቤል ያህል ይሆናል። በዚህ መለኪያ 10 ሲጨመር የድምፁ ኃይል ዐሥር እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሮ ግን እጥፍ ያህል መስሎ ይሰማል። የብረት ምሰሶ በከባድ መዶሻ ሲመታ በ15 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል ያህል ይደርሳል። በገላጣ ስፍራ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቍጥር 6 ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ30 ሜትር 94፥ በ60 ሜትር 88፥ በ120 ሜትር 82 ይሆናል። መስኮቱ ገርበብ ያለ ቤት ደግሞ 15 ያህል ቢያስቀር፥ በ120 ሜትር ላይ በተኛው ሰው ጆሮ 67 ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ1999 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ በመኝታ ቤት ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30፥ ድንገት የሚሰማውም ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። እንቅልፍ አዘውትሮ ሲቋረጥ ልብንና ደምን ይጐዳል፤ ሕፃናትንም ከትምህርታቸው ያደክማል። እንግዲህ መራቅ ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። መድኃኒቱ በአራት ክፍል ይከፈላል።

1ኛ፤ ድምፁን ከምንጩ መቀነስ ነው። ምሰሶን በመዶሻ መምታት አንዱ ዘዴ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። በጃፓን አገር በኮቺ ከተማ ኪታሙራ አኪዮ የተባሉ ሰው በ1975 ዓ.ም. ምሰሶን ሳይመታ ገፍቶ የሚያስገባ መኪና ሠሩ። መኪናው አስቀድመው የተተከሉትን ምሰሶዎች አጥብቆ ይይዛል፤ እነርሱን ተደግፎም የሚቀጥለውን ወደ መሬት ይጫነዋል። በዚህ ምክንያት ጩኸቱም የመሬቱም መንቀጥቀጥ እጅግ ያንሳል። ምድሩ ጽኑ ዐለት በሚሆንበት ቦታ ግን ግፊቱ ብቻውን ስለማይበቃ አስቀድሞ መሰርሰር ያስፈልጋል። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄም አለ። ቋጥኙን ከላይ ከመጣል ይልቅ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ፥ ሥራ የፈታውን ሞተር ማጥፋት፥ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ በሚያሰማው ስለታም ፉጨት ፈንታ ከሩቅ የማይወጋ ለስላሳ ድምፅ ማድረግ ይቻላል።

2ኛ፤ ድምፁን በመንገዱ መከልከል ነው። በመኪናውና በቤቱ መካከል ቀዳዳ የሌለው ከባድ አጥር ቢቆም፥ የመኪናው ጫፍ ብቻ በሚታይበት ጊዜ 5፥ ፈጽሞ በሚሰወርበት ጊዜ 10 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። አጥሩ ለመኪናው በቀረበ መጠን ይጠቅማል። ነገር ግን ብዙ የባሕር ዳር ቤቶች በገደል አፋፍ ላይ ስለ ተሠሩ ሥራውን ቍልቍል ያዩታል፤ ለእነርሱ አጥር ጥቅሙ ጥቂት ነው።

3ኛ፤ ሰዓትን መምረጥ ነው። የጃፓን መንግሥት በ1968 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፥ ምሰሶ መምታትን የመሰለ ሥራ በቅጥሩ ወሰን ላይ ሲለካ ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፍ፥ በመኖሪያ ሰፈርም ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት እንዳይሠራ፥ በቀን ከ10 ሰዓት፥ በተከታታይም ከ6 ቀን እንዳይበልጥ፥ እሑድና በዓልም እንዲታረፍ ተወስኗል፤ ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ ግን ይፈቀዳል። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከብዙ ጊዜ በፊት በሂሳብ የሚታወቅ ስለ ሆነ፥ መሐንዲሱ የሚጮኸውን ሥራ ቀን ለሚውለው ጉድለት፥ ጸጥ ያለውን ሥራ ለሌሊቱ አድርጎ ሊያከፋፍል ይችላል። በዶውሊሽ ሁለተኛው ክፍል ሲሠራ በስምንት እግሮች የሚሄድ መድረክ ገብቶ ነበር። ይህ መድረክ ባሕሩ ሲሞላም ከውኃው በላይ ቆሞ ስለሚያሠራ፥ ሠራተኛው የውኃውን መጕደል ከመጠበቅ ያርፋል።

4ኛ፤ አስቀድሞ መናገር ነው። በእንግሊዝ አገር በ1974 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ ሥራ ተቋራጭ የሥራውን ዘዴና የጩኸቱን መቀነሻ ጽፎ ከመጀመሩ በፊት ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስችላል። አስተዳደሩም በ28 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ባይጠየቅም ሰዓቱንና መጠኑን ወስኖ ለማዘዝ ሥልጣን አለው። ከሕጉም ሌላ ለጎረቤት ሊደረግ የሚገባ ነገር አለ። የትኛው ሌሊት እንደሚሠራና መቼ እንደሚፈጸም ለየቤቱ በጽሑፍ ይነገር፤ ሰዓቱ ቢለወጥም እንደዚሁ። አቤቱታን በሌሊት የሚቀበል ሰው ይመደብ። የቤቶቹ ግድግዳ አስቀድሞ በፎቶግራፍ ይነሣ፤ አሮጌው ስንጥቅ ከአዲሱ ካልተለየ ክርክር አይጠፋምና። ሕመምተኛና አራስ ላለበት ቤት ደግሞ ለከባዶቹ ሌሊቶች ሌላ ማደሪያ ይሰጥ። ሰው ምክንያቱንና ፍጻሜውን ያወቀውን ድምፅ፥ በድንገት ከመጣበት ይልቅ ይታገሣል።

ሥራውን የያዙት ሰዎች «ጸጥ ያለው ዘዴ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ግንቡ ካላለቀ ማዕበሉ ቤቱንም ሰውንም ይወስዳል» ይላሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ የተጀመረ ግንብ በመካከል ሲቆም አደጋው ይበልጣል። ነገር ግን ከግንቡ የሚጠቀመው በባቡሩ የሚሄደው መንገደኛና የሩቁ ነጋዴ ሁሉ ሲሆን፥ ጩኸቱን የሚሸከሙት በፊቱ ያሉት ጥቂት ቤቶች ናቸው። ስለዚህ ድምፅን ለመቀነስ የሚወጣው ገንዘብ እንደ ድንጋዩና እንደ ብረቱ ከግንቡ ዋጋ ጋራ ከመጀመሪያው መቈጠር ይገባዋል። ይህ ሳይደረግ ቢቀር ዋጋው ተረፈ ማለት አይደለም፤ ጥቂት ሰዎች በእንቅልፋቸው ከፈሉት ማለት ነው።

ይህ ፍርድ ለባሕር ዳር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በመንደር አጠገብ ድንጋይ በሚፈለጥበት፥ መንገድ በሚጠረግበት ወይም ወፍጮ በሚተከልበት ቦታ ሁሉ፥ ሥራው ለብዙዎች ሲጠቅም ጥቂቶቹን ጎረቤቶች አስቀድሞ መጠየቅና ዕረፍታቸውን መጠበቅ ይገባል።