የሣር ሸክምና የወተት ገበሬው ጉልበት

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ዙሪያ፣ በተለይም በኪያምቡና በሊሙሩ ደጋማ አገር፣ የወተት ላም ማርባት የብዙ ትንንሽ ገበሬዎች መተዳደሪያ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የተሻሻለ ዘር ያላቸው የወተት ላሞች በአብዛኛው በነጭ ሰፋሪዎች እጅ ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የስዊነርተን ዕቅድ ከወጣ በኋላ ግን በሩ ለአፍሪካውያን ገበሬዎች ተከፈተ። ዛሬ ከአገሪቱ ወተት አብዛኛውን የሚያመርቱት እነዚሁ ባለ ጥቂት ላም ገበሬዎች ናቸው።

ነገር ግን መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እየተከፋፈለ ስለ ጠበበ፣ ላሚቱ ተሰማርታ የምትግጥበት መስክ አልተረፈም። ስለዚህ በበረት ውስጥ ትውላለች፤ ሣሩን አጭዶ፣ ተሸክሞና ከትፎ የሚያቀርብላት ሰው ነው። ይህ አሠራር ፍጉን ለመሰብሰብና ላሚቱን ከመዥገር ለመጠበቅ ይረዳል። ሆኖም ቀድሞ በላሚቱ አራት እግር ይሠራ የነበረው ሥራ በሰው ጫንቃ፣ ይልቁንም በሴቶች ጀርባ ላይ ወድቋል።

የዚህ ሸክም ልክ በስሌት ሊታይ ይችላል። 400 ኪሎ የምትመዝን ጥገት በቀን 12 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል። እርጥብ የዝሆን ሣር ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ውሃ ስለ ሆነ፣ ሌላ መኖ ካልተጨመረላት 60 ኪሎ ሣር መታጨድ አለበት፤ ከዚህም 48ቱ ኪሎ ውሃ ነው። ሣሩ ከበረቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ የተተከለ ቢሆንና በሦስት ሸክም ቢጓጓዝ፣ የቀኑ መንገድ ደርሶ መልስ 3 ኪሎ ሜትር፣ የዓመቱ ደግሞ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህም ከናይሮቢ እስከ አዲስ አበባ በአየር ካለው ርቀት ብዙም የማያንስ ነው። ለአንዲት ላም ብቻ!

በኒው ዚላንድ ያለው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ ላሚቱ ራሷ ወደ ሣሩ ትሄዳለች። ላሞቹም ሁሉ ሣር በሚበቅልበት ወራት መግቢያ ላይ በአንድነት እንዲወልዱ ስለሚደረግ፣ የመኖው ብዛትና የወተቱ ብዛት ይገጣጠማሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ሮን ሻርፕ የተባለ ገበሬ አላቢው ሳይጎነበስ ብዙ ላሞችን በተራ የሚያልብበትን ጋጣ በመሥራቱ የአለባው ድካም እጅግ ቀነሰ። ቢሆንም በመውለጃው ወራት ሥራው በአንድ ጊዜ ስለሚደራረብ፣ ገበሬው እንቅልፍ የሚያጣበት ወቅት በዚያም አለ።

የኪያምቡ ገበሬ ይህን ሰፊ መስክ ሊያገኝ አይችልም። የነገሩ ሥር ግን፣ ይኸውም ወቅትንና ርቀትን ከሥራ ጋር ማስማማት፣ ለእርሱም ይጠቅመዋል። አንደኛ፣ የዝሆን ሣሩን በተቻለ መጠን ከበረቱ አጠገብ መትከልና የታጨደውን ከመሸከም በፊት በፀሐይ ጥቂት ማጠውለግ፣ ከንቱ የውሃ ሸክምን ያቀላል። ሁለተኛ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ረጅም ዝናብ የሚተርፈውን ሣር ከትፎ፣ በላስቲክ ውስጥ ጠቅጥቆና አየር እንዳይገባው አስሮ ገፈራ ማድረግ፣ በደረቁ ወራት መኖ ፍለጋ ከመንከራተት ያድናል። ሦስተኛ፣ ውሃ ዘወትር ከገንዳው እንዳይጠፋ ማድረግ ነው፤ ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለ ሆነ የተጠማች ላም ወተቷን ትቀንሳለች።

ላሚቱ በዝናቡ መግቢያ እንድትወልድ የሚፈልግም፣ እርግዝናዋ ዘጠኝ ወር ያህል ስለ ሆነ፣ በሰኔና በሐምሌ ሊያስጠቃት ይገባል። ሁለት ላም ያለው ግን ሁለቱም በአንድነት ነጥፈው ቤቱ ያለ ገቢ እንዳይቀር፣ መውለጃቸውን ማራራቅ ይሻለዋል።

ጉልበት ማትረፍ ስንፍና የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በሸክም የደከመ ሰው ላሚቱ ኮርማ መፈለጓን ሳያስተውል ቢቀር፣ የሚቀጥለውን ጊዜ ለመጠበቅ 21 ቀን ያህል ይባክናል፤ የጡት በሽታ መጀመሩንም ሳያይ ያልፋል። ከሸክሙ የተረፈችው አንዲት ሰዓት ላሚቱን ለመመልከት ብትውል ዋጋዋ ከአንድ ሸክም ሣር ይበልጣል። ስለዚህ ገበሬው ሌላ ላም ለመግዛት ከማሰቡ በፊት፣ በቤቱ ማን ምን ያህል እንደሚሸከምና ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ለአንድ ሳምንት ይቍጠር። የወተቱ ሒሳብ የሚሟላው የሚስቱና የልጆቹ ጉልበትም ሲታሰብበት ነው።