ጠባቡን የመታጠቢያ ቤት ስለ ማደስ

ቤት የሠራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስጌጠው እንግዳ የሚቀበልበትን አዳራሽ ነው። ምንጣፉና መጋረጃው የባለቤቱን ክብር ይመሰክራሉና ይህን ማንም አይነቅፍም። ነገር ግን የቤተ ሰብ ጤና የሚጠበቀው እንግዳ በማያየው በጓዳው በኩል ነው። ከጓዳውም ሁሉ ይልቅ ስፍራ የሚነፈገው የመታጠቢያ ቤት ነው። ስለዚህ ጠባብ የመታጠቢያ ቤቱን ለማደስ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊቈርጠው የሚገባውን ነገር፤ በራሳችን ቤት ከደረሰው ጋራ አያይዘን ለክቡራን አንባቢዎች ልናቀርብ ወደድን።

አገራችን ለገላ መታጠቢያ እንግዳ አይደለችም። በጐንደር በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው የመዋኛ ስፍራ እስከ ዛሬ የጥምቀት በዓል ይከበርበታል። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው በፍል ውሃው አጠገብ ነው። ለእኛም ለሐዋሳ ሰዎች የወንዶ ገነት ፍል ውሃ ቅርባችን ነው። ሆኖም በእነዚህ ስፍራዎች ውሃው እንደ ልቡ ይፈስሳል፤ ቦታውም ሰፊ ነው። በከተማ ቤት፤ በጥቂት ክንድ ወርድ መካከል ውሃን ማስገባትና ማስወጣት ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል።

በሐዋሳ በታቦር ክፍለ ከተማ ባለው ቤታችን በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ሁለት የመታጠቢያ ቤቶች አሉ። አንደኛው በመኝታ ቤቱ በኩል ሲሆን ርዝመቱ 2 ሜትር፤ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል ነው። ሁለተኛው በወጥ ቤቱ በኩል ያለ፤ ከእርሱም የጠበበ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጀመሪያውን አደስነው ብለን ወለሉን እንደ መስተዋት በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አለበስነው። ያየው ሁሉ አመሰገነን። በዓመቱ ግን አረጋዊት እናታችን ከገንዳው ሲወጡ እርጥቡ ሴራሚክ አዳልጧቸው ወደቁ፤ የእጃቸውም አንጓ ተሰበረ። አጥንቱ በሁለት ወር ተጠገነ፤ ፍርሃቱ ግን አልተጠገነም። ከዚያ ወዲህ በመኝታ ቤታቸው በሳፋ ካልሆነ በቀር አልታጠብም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ገላቸውን ለሰው ሳያሳዩ ለኖሩት ለእርሳቸው፤ በልጅ ልጅ እጅ መታጠብ ከስብራቱ የከፋ ኀፍረት ሆነባቸው።

እንግዲህ ሁለተኛ ለማደስ በተነሣን ጊዜ እንደ ችሎት የሁሉን ቃል መስማት ግድ ሆነ። ልጃችን መካከለኛው ግድግዳ ፈርሶ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ይሁኑ አለ። ባለቤታችን አሮጌው ገንዳ ወጥቶ አዲስ ገንዳ ይግባ አለች። እናታችን ግን «እኔስ የምይዘው ነገር ብቻ ይበቃኛል» አሉ። ነገሩን ስናመዛዝነው ፍርዱ ያለው በአረጋዊቷ ቃል ውስጥ ሆኖ አገኘነው። የመታጠቢያ ቤት የሚለካው በቤቱ ካሉት ሁሉ በደካማው ሰው ነው። እርሱ ያለ ፍርሃት የሚገባበት ክፍል ለሌላው ሁሉ ይመቻል። በዚህም መሠረት የሚከተለውን ቈረጥን።

አንደኛ፤ ግድግዳው አልፈረሰም። በማለዳ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚጣደፍ ቤተ ሰብ ከአንድ ሰፊ ክፍል ይልቅ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ይጠቅሙታል፤ አንዱ ሲታደስም ሌላው ያገለግላል። ጣሪያ የተሸከመ ግድግዳም መሐንዲስ ሳያየው የሚነካ አይደለም።

ሁለተኛ፤ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከነበረበት አልተነሣም። የመቀመጫው ቧንቧ ወርዱ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ማዘቅዘቅ ይገባዋል። መቀመጫው ከመውረጃው በራቀ መጠን ወለሉን ከፍ ማድረግ ወይም ጠልቆ መቈፈር ያስፈልጋል፤ ቧንቧውም በቶሎ ይደፈናል። የውሃውን ሣጥን ግን በአንድ ጊዜ 3 ወይም 6 ሊትር ብቻ በሚለቅ ለወጥነው።

ሦስተኛ፤ ገንዳው ወጣ። ገንዳ ሲሞላ 150 ሊትር ያህል ውሃ ይፈጃል። በሻወር 5 ደቂቃ የሚታጠብ ሰው ግን 50 ሊትር ያህል ይበቃዋል። የቧንቧ ውሃ በተቋረጠ ቀን ይህ ልዩነት ለማንም ግልጽ ነው። በገንዳው ስፍራ ሻወሩን ያለ ደፍ ከወለሉ ጋራ አስተካክለን ሠራነው፤ አረጋዊ ሰው እግሩን ሳያነሣ ይገባበታልና።

አራተኛ፤ በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት ተደረገ። ይህ በጠባብ ክፍል ስፍራ ያተርፋል። ከዚህም የሚበልጠው፤ ሰው ከውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ገላው ይዘጋዋል፤ ረዳትም ሊደርስለት አይችልም።

አምስተኛ፤ ወለሉ የማያዳልጥ፤ ሻካራ ሴራሚክ ለበሰ። የብረት መያዣም ከመቀመጫው አጠገብና ከሻወሩ ሥር በጽኑ ግድግዳ ላይ ታሰረ። በሴራሚክ ላይ ብቻ የተጣበቀ መያዣ በተደገፉት ጊዜ ይከዳል።

«ውሃን ከጥሩ፤ ነገርን ከሥሩ» እንደ ተባለ፤ የእድሳቱ ሥር ከወለል በታች ነው። ሴራሚክ ብቻውን ውሃ አያግድም፤ ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ልባስ መቀባት አለበት። ልባሱ ከደረቀ በኋላ መውረጃውን ደፍኖ፤ ውሃ አቍሮ አንድ ቀን ማቈየት ነው፤ ውሃው ከጐደለ ግንበኛው ይመለስ። ከእያንዳንዱ መውረጃ በታችም ሲፎን ይኑር። በታጠፈው ቧንቧ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ውሃ የጉድጓዱን ክፉ ሽታ ይከለክላል። ይህን ብልሃት በ1775 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለሽንት ቤት መቀመጫ አስመዝግቦ የያዘው አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ እስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነው። የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ያስገባ ሰውም የመሬት ሽቦና ኀይሉን በቶሎ የሚቈርጥ መሣሪያ በዐዋቂ ሳያስገጥም አይጠቀምበት።

ከቤታችን ደጃፍ የሚያልፍም ኀላፊነት አለ። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለም። እንግዲህ ወደ ጐርፍ ቦይ የለቀቅነው እድፍ ወደ ሩቅ አገር አይሄድልንም፤ በአሞራ ገደል ዓሣ ወደምንገዛበት ውሃ ይመለሳል እንጂ። ስለዚህ የፍሳሹ ጉድጓድ በሚገባ የተገነባ ይሁን፤ ሲሞላም በመኪና ይመጠጥ።

ከገንዘባችን የሚበዛው እጅ ማንም በማያየው ቧንቧና ልባስ ላይ ዋለ፤ አዲሱን ክፍል አይቶ ያደነቀ እንግዳም እስከ ዛሬ የለም። እናታችን ግን በፋሲካ ዋዜማ በሩን ራሳቸው ዘግተው ያለ ረዳት ታጠቡ። እኛም ከውጭ ቆመን የውሃውን ድምፅ ሰማን።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ የሴራሚኩን ቀለም ለመምረጥ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ አስቀድሞ፤ በቤታችሁ ያሉትን አረጋዊ ምን እንደሚያስፈራቸው ጠይቁ።