የሌሊት እሽቅድምድም በሐይቅ ላይ

ወለጋ የወንዝ አገር ነው። ዴዴሳና አንገር በምድሩ ይወርዳሉ፤ በሆሮ ጉዱሩም የፊንጫኣ ወንዝ በፈረንጆች ቍጥር በ1973 ዓመት ተገድቦ ሰፊ ሐይቅ ኾኗል። በእንዲህ ያለ ውሃ ዳር ቆሞ የፀሓይን መጥለቅ ያየ ሰው፣ ማዶው ከዐይኑ ሲሰወር ልቡ ይፈራል፤ በጨለማ ውሃ ላይ የሚታይ መንገድ የለምና። ይኹን እንጂ በአሜሪካ አገር ሰዎች በሸራ ጀልባ ሌሊቱን ኹሉ በሐይቅ ላይ ይሽቀዳደማሉ።

የሐይቁ ስም ሚሺጋን ነው። ጀልባዎቹ ከቺካጎ ከተማ ተነሥተው በስተሰሜን ወዳለችው ወደ ማኪናክ ደሴት ይሄዳሉ። ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኾን፣ የእነርሱ ጕዞ 536 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1898 ዓመት በተዠመረ ጊዜ የተወዳደሩት 5 ጀልባዎች ብቻ ነበሩ፤ በኋላ ግን በመቶ የሚቈጠሩ ኾኑ።

ነፋስ ሌሊት አያርፍምና መርከበኞቹም ኹሉ በአንድነት አይተኙም። እኵሌቶቹ ሲያንቀላፉ እኵሌቶቹ ሸራውንና መሪውን ይጠብቃሉ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ ጀልባ በግራው ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ፣ በስተኋላው ነጭ መብራት ያበራል። ስለዚህ ቀዩን ብቻ ያየ ሰው የሌላውን ጀልባ ግራ ጐን እንደሚያይ ዐውቆ ወዴት እንደሚሄድ ይለያል። ትልቁ ጀልባ ከትንሹ ስለሚፈጥን ዳኞች ለትንሹ ጊዜ ያስቡለታል፤ እንግዲህ ቀድሞ የደረሰ ኹሉ አሸናፊ አይደለም።

በ2011 ዓመት ጁላይ 17 ቀን ሌሊት በተወዳዳሪዎቹ ላይ ብርቱ ማዕበል ተነሣ። ነፋሱ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍስ ነበር። 8 ሰዎች የተሳፈሩበት ዊንግናትስ የተባለው ጀልባ ተገለበጠ። ሶሺያብል በተባለው ሌላ ጀልባ ያሉት ሰዎች የፊሽካ ድምፅ ሰሙ። እነርሱም ራሳቸው ከማዕበሉ ጋራ ይታገሉ ነበር፤ ነገር ግን ውድድሩን ትተው ድምፁ ወደ ተሰማበት ተመለሱ፤ 6ቱንም ከውሃ አወጡ። 2ቱ ግን ሞቱ።

የዚህ ውድድር ሕግ በመጽሐፉ መዠመሪያ ላይ የሚያዝዘው ስለ ፍጥነት አይደለም። በአደጋ ላይ ላለ ሰው ኹሉ የሚቻለውን ርዳታ ስጥ ይላል። ሰው ሲያድን ጊዜ ላለፈበትም ዳኞች ኪሣራውን ሊያስተካክሉለት ይችላሉ። ነፍሱን ቢያጣ ግን ዳኛ ሊመልስለት የሚችል አይደለም፤ የሶሺያብል ሰዎች ወደ ኋላ የተመለሱትም ይህን እያወቁ ነው።

ልጆች ሆይ፣ በሩጫም በትምህርትም መቅደም መልካም ነው። ባልንጀራችሁ በመንገድ ቢወድቅ ግን ሽልማቱ ይቈይ፤ የወደቀው አይቈይምና።